አርባ አራት ቁጥር ጫማ

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣

ይድረስ ለወንድሜ ለኑርሑሴን። አንተም ባለቤትህ ሃዲያም እንደምን ከረማችሁ? እኛ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና ከክረምቱ ጭቃ ወጥተን ደረቅ መሬት ረግጠናል። ጆሮዬ ከስልክ ጋር እንደተጣላ ነው። ባለፈው ስትደውል የሰማሁት አንድ «ሄሎ» እና የመኪና ጡሩምባ ብቻ ነበር። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልያዝህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ፊደል ያስቆጠርኩት ለዚህ ቀን ይሆናል።

የወንድማችን የሰፍዋን ልጅ የሰሃርላ ኒካህ ነሐሴ ላይ በሰላም ተፈጸመ። አንተ ስትቀር ቅር ብሎን ነበር። «ፈቃድ አላገኘሁም» ማለትህን ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ፤ አንዳንዱ አመነኝ። ሰፍዋን ግን በር ላይ ወንበር አስቀምጦ እንደተቀመጠ እንግዳ ሲቀበል ዋለ። የሙሽራ አባት ቆሞ ነው የሚቀበለው ሲሉት ሳቅ ብሎ ተቀምጦ ቀረ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለሰፍዋን ጫማ ላክለት፤ ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ቁጥሩ አርባ አራት። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ጠበበው። ወፍሯል መሰለኝ።

አላህ ባላችሁበት ይጠብቃችሁ። ያሳደግኩህ እህትህ፣
ዘይቱና

*

ሲያትል፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወአለይኩሙሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣

እናቴም እህቴም ለሆንሽው ለእታለም ዘይቱና። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታውን ሳልከፍተው ጽሕፈትሽን ዓይቼ ደስ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሃዲያም ሬንተን ካለው የአረጋውያን ቤት ሥራዋን እንደቀጠለች ናት። ዝናቡ ጀምሯል፤ ከእንግዲህ እስከ ሚያዝያ ፀሐይን በወሬ ነው የምናውቃት።

በሰሃርላ ኒካህ ስለቀረሁ አውፍ በሉኝ። ሥራ ቦታ ሰው ጎድሎ ነበር። እዚያው ቱክዊላ መጋዘኑ ውስጥ ነኝ፤ አሁን ግን ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መንዳቱን ትቼ ወረቀት የማመሳከር ሥራ ሰጥተውኛል። ቀለል ይላል። እግሬም አረፈ።

ጫማውን ለደሴ ተጓዥ ሰጥቻለሁ፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ግን እታለም፣ ሰፍዋን አርባ አንድ ቁጥር አልነበረም እንዴ? ባለፈው ዓመት የላክሁለት ልኩ ነው ብለሽኝ ነበር። የሰው እግር በአርባ ስድስት ዓመቱ አያድግም። ደህና ነው ወይ? ሆዱስ? ስትመልሺልኝ ስለሆዱ ጻፊልኝ።

አፖይንትመንት ስላለኝ እዚህ ላይ ላቁም። ዱዓሽ አይለየን።
ወንድምሽ ኑርሑሴን

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ፣

ጫማው ደርሷል፤ አላህ ይስጥህ። ጠዋት ልኩ ነው፣ ወደ ማታ ይጠበዋል።

«አፖይንትመንት» የምትለው ቀጠሮ ማለት መሆኑን ከጎረቤት ልጅ ተረዳሁ። የምን ቀጠሮ እንደሆነ ግን አልጻፍክም። አማርኛውን ብትጽፈው ኖሮ ያኔ አፍጥጦ ይታይ ነበር ማለት ነው።

አንተን ላለማስጨነቅ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ሰፍዋን ከባለፈው ጥር ጀምሮ ትንፋሹ ያጥረዋል። ከመስጊድ ሲመለስ ያቺን አጭር ዳገት ሦስት ጊዜ ያርፍባታል። ሲተኛ በሦስት ትራስ ነው። እዚህ ክሊኒክ ወሰድነው፤ የልብ ድካም ነው ብለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሰጡት። ለጊዜው ቀለል ይለውና ደግሞ ይመለስበታል። ሆዱን ጠየቅኸኝ። ለምን ሆዱን እንደጠየቅህ ገርሞኛል፤ ያልነገርኩህ ነገር ነውና። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

እዚያ ሐኪም አይጠፋምና እባክህ አንዱን ስለልብ ጠይቅልኝ። ጫማም ሆነ ሌላ አልፈልግም፤ ይህን ብቻ ጠይቅልኝ። ቶሎ ጻፍ።
ዘይቱና

*

ሲያትል፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወአለይኩሙሰላም እታለም፣

ስለቆየሁ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ሐኪም ጠይቄያለሁ። ሰፍዋንን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ውሰዱትና ከልቡ በፊት ጉበቱን ይዩለት። ለደም ምርመራ «ሄፓታይተስ ቢ» ብለሽ ጻፊና ስጪያቸው። ሆዱንም በአልትራሳውንድ ይዩት። የሚያስፈልገውን ገንዘብ በተጓዥ እጅ ልኬያለሁ። ጉበቱ የታመመ ሰው ልቡም ሊደክም እንደሚችል አንድ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነግሮኛል፤ ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበታል። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ብቻ አድርጉት። ሚስቱና ልጆቹም ይመርመሩ።

ወንድምሽ ኑርሑሴን

*

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ኑርሑሴን፣

ያልከውን ለሰፍዋን አነበብኩለት። አልሄድም አለ። ጉበት የጠጪ በሽታ ነው፤ ከንፈሬን ጠላ እንኳ ሳይነካው ለሰው ምን ልበል፣ ሰሃርላ ገና በገባችበት ቤት አባቷ ምን ሊባል ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የልብ ሕመም አያሳፍርም፤ ልቤን ነው ያመመኝ፣ በልቤ ልሙት አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ምንም የለም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። አንተን ያሳደግኩ ነኝ። በልጅነትህ ስትዋሽ «አንድ ልጅ ነገረኝ» ነበር የምትለው። ያ አብሮህ የሚሠራ ሰው ስሙ ማን ነው?

ዘይቱና

*

ሲያትል፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። ወአለይኩሙሰላም እታለም ዘይቱና፣

ስሙ ኑርሑሴን ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ደም ሲመረምሩኝ ያ ቫይረስ ተገኘብኝ። ሐኪሟ ምናልባት ስትወለድ ከእናትህ ተላልፎብህ ይሆናል፤ እህትና ወንድም ካለህ ዛሬውኑ ደውልላቸው፣ ይመርመሩ፣ ያልተያዘው ይከተብ አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት እሺ እንዳልኩ ነው።

ለምን እንዳልደወልኩ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያሳፍረኛል። ስትሰሙ ጠጥቶ ነው ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ። ካልጠጣም ከሴት ነው ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ። ከእናታችን ነው ብል ደግሞ አፈር ውስጥ ያለችን ሴት መክሰስ መሰለኝ። እማዬ ሆዷ ተነፍቶ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንታባት ነው» ሲሉ ትዝ ይለኛል። ወፏን መክሰስ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

በየቀኑ የምውጠው አንድ ክኒን ሰጥተውኝ ነበር። በቪታሚን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ አስቀምጠው ነበር። ሃዲያን አስከትባት ሲሉኝ የጉንፋን ክትባት ነው ብዬ ወሰድኳት። አልሐምዱሊላህ እሷ ደህና ናት፤ ለምን እንደተከተበች ያወቀችው ግን ባለፈው ወር ነው። ከዚያ ሥራ ስቀይር ፋርማሲውም ተቀየረ። መስኮቱ ላይ የምትሠራው ልጅ ከመስጊድ የማውቃት ሆና ተገኘች። ክኒኑን ከእጇ ከምቀበል ይቅርብኝ ብዬ ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ተመላለስኩ እንጂ አልተቀበልኩም። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ እናምጣልህ ሲሉኝም እንግሊዝኛ እችላለሁ እያልኩ የሚሉኝን ግማሹን ብቻ ሰማሁ። አስተርጓሚዋ ሐበሻ ናታ።

ባለፈው ዓመት እግሬ ማበጥ ጀመረ። እኔም ጫማ ቀየርኩ እታለም። አርባ ሦስት፣ ከዚያ አርባ አራት። ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው መሐል ላይ ትንፋሼ ሲያልቅ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ መስዬ እቆም ነበር፤ ጎረቤት እንዳያየኝ። የሰሃርላ ኒካህ ጊዜ ፈቃድ አጥቼ አይደለም። ሆስፒታል ተኝቼ ከሆዴ ሰባት ሊትር ውኃ ይቀዳልኝ ነበር። ለሃዲያ ግን ሆዴን ቀዶ ጥገና እያደረጉልኝ ነው አልኳት።

አሁን ጉበት ሊቀይሩልኝ ያስባሉ። ከለጋሽ ሰው ጉበት እንዲሰጠኝ ስሜን ከመመዝገባቸው በፊት ልቤን መመርመር ነበረባቸው። ተኝቼ ሲያዩት ልቤ ደህና ነው አሉ፤ እንዲያውም ብርቱ ነው አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ በደም ሥሬ ልብ የሚያስሮጥ መድኃኒት ከፍተው እያዩ ጠበቁ። ልቤ መሮጥ ባለበት ሰዓት አልሮጠም።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተርጓሚ አምጡልኝ አልኩ። የመጣችው ከብረት የምትባል ሴት ናት። ቤተሰቦቿ ከአስመራ ናቸው፣ እሷ አዲስ አበባ ነው ያደገችው። ቼሪ መንገድ ላይ እህል የምንገዛበት ሱቅ ሁልጊዜ አያታለሁ። ስትገባ መሬት ገብቼ ብሸሸግ ወደድኩ። እሷ ግን እንደማታውቀኝ ሆና ተቀመጠችና ሐኪሙ ያለውን በጥንቃቄ ነገረችኝ።

«ጉበትህ ሲኮማተር ደሙ መንገዱን ይስታል፤ ልብህም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ቁጭ ብለህ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ሸክም ሲመጣበት ግን አይችልም። አዲስ ጉበት የሰጠንህ ዕለት ደሙ በአንድ ጊዜ ስለሚመለስበት፣ ያን ሰዓት እንዳይከዳህ ነው የምንፈራው።»

ስለዚህ ይስጡኝ ወይስ ይተዉኝ ብለው እየመከሩ ነው። ሐኪሙ ወጥቶ ከብረት ወረቀቷን ስትሰበስብ፣ ወንድም እህት አለህ ወይ የሚለውን ጥያቄ አልመለስክለትም አለችኝ። አለኝ አልኳት። ያውቃሉ? አለችኝ። አያውቁም ብዬ ስመልስ የተሰማኝ ዓይነት ኀፍረት እስካሁን በሰው ፊት ተሰምቶኝ አያውቅም። አልተቆጣችኝም። ቦርሳዋን አነሳችና ወጣች።

ጫማ ስትጠይቂኝ ነው የገባኝ እታለም። አርባ አራት የሚለውን ቁጥር ሳነብ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። አውቄም ሦስት ወር ቆየሁ። ከዚህ የባሰ የምናገረው የለኝም።

ይህን ደብዳቤ እንዳለ ለሰፍዋን አንብቢለት። ወንድምህም አልጠጣም፣ ወንድምህም ታሟል በዪው። ሂድ በዪው። አንቺም ተመርመሪ።

ኑርሑሴን

*

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወአለይኩሙሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣

ይህን ወረቀት ሃዲያ አስቀምጣህ እንድትሰጥህ ነግሬያታለሁ። ተቀመጥ ኑሬ።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሰፍዋን ግንቦት 21 ቀን ወደ አኼራ ሄዷል። ያገር ልጆች በስልክ እንዳያረዱህ ሁሉንም ለመንኳቸው። ወንድሜ ልቡ ታሟል፣ በደህና ጊዜ እኔ ልጻፍለት አልኳቸው። ቃላቸውን ስለጠበቁ አላህ ይስጣቸው።

ደብዳቤህ ሚያዝያ 6 ቀን ደረሰኝ። ያን ዕለት ከዙህር ሰላት በኋላ በሩን ዘግቼ አነበብኩለት። ስለደረጃውና ስለስልኩ ስደርስ ሳቀ፤ እሱም መስጊድ መንገድ ላይ የጫማውን ጠጠር የሚያራግፍ እየመሰለ ይቀመጥ እንደነበር ነገረኝ። አንብቤ ጨረስኩ። ለምን ሳይነግረኝ ቀረ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «እሱስ? እዚያ ማን አለው?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «በሰርጉ ሲቀር አሜሪካ አኩርቶታል ብዬ በሰው ፊት አምቼዋለሁ። አውፍ ይበለኝ በይልኝ» አለኝ። አደራው ይኸው ደረሰህ።

በማግስቱ ደሴ ሄድን። ራሱ ነው እንሂድ ያለው። ደሙ ላይ ያንተው ነገር ተገኘ። የመረመረችው ወጣት ሐኪም፣ ልቡ የደከመው ጉበቱ ስለተጎዳ ነው፤ ጉበቱን ሳያዩ ልቡን ብቻ ሲያክሙ ነው የቆዩት አለች። ክኒኑን ጀመረ። ጥቂት ቀን ፊቱ ጠራ፣ ምግብም ቀመሰ። ከዚያ ሆዱ ውስጥ ያለው ውኃ አመረቀዘ አሉ። ትኩሳት ያዘው። እዚያ ላይ ልቡ መሸከም አቃተው፤ ውኃው ሳንባው ገባ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው፤ ሸሃዳውን ብሎ ነው።

ሰው ሁሉ ጉበት ነው ሲባል ሰማ። ማንም ምንም አላለም፤ ወይም እኔ ጆሮ የለኝም።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ጽፌ አላውቅም። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ደበቅህ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት። በ1990 ዓ.ም. ደም የሚሰበስቡ ሰዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው ነበር፤ ለተማሪዎቼ ምሳሌ ልሁን ብዬ ሰጠሁ። ከወር በኋላ የታሸገ ወረቀት መጣልኝ። ደምሽ ይህ ነገር ስላለበት ለሌላ ሰው አይሆንም፣ ሐኪም ዘንድ ቅረቢ ይላል። ልዳር ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደድኩና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ዓሊን አገባሁ። እሱን የመኪና አደጋ ነው የወሰደው፤ በሽታውን ሰጥቼው እንደነበር ግን አላውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም። ሰፍዋን ያኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስለት ዛሬ በሕይወት ይኖር ይሆናል። አንተም ሲያትል ሳትገባ ታውቀው ነበር። ያሳደግኋችሁ እኔ፣ ፊደል የማነብ እኔ።

ደብዳቤህን ሳነብለት ድምፄ ሲቆራረጥ ላንተ ያዘንኩ መስሎት እጄን ያዘኝ። ለእሱ አልነገርኩትም። አርባ አምስት ቀን ነበረኝ፤ በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳልነግረው ሄደ። አንተ ቢያንስ ነግረኸዋል።

የሰፍዋን ልጆች ተመረመሩ። ሁለቱ ትናንሾች ነፃ ናቸው፣ ክትባት ጀምረዋል። ሰሃርላ ላይ ግን ተገኘ። ጉበቷ ገና ደህና ነው፣ ክትትል ላይ ናት። ለባሏ ቤተሰብ ማን ይንገር ተባለና ሁሉም ወደ ሌላው አየ። እኔ ሄድኩ። እኔም ደሴ ተመርምሬ የተሰጠኝን አዲስ ወረቀት ይዤ ሄድኩና አማቷ ፊት ዘረጋሁት። «መጀመሪያ የእኔን እዩ» አልኳቸው። ሴትዮዋ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ነገ ጠዋት ለክትባት ይዘሽው ሂጂ አሉኝ።

እንግዲህ ይኸው ነኝ። ልትቆጣኝ መብትህ ነው።
ዘይቱና

*

ሲያትል፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እታለም ዘይቱና፣

ሃዲያ ወንበር ስታቀርብልኝ ነው ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን አልጋ ላይ ቆየሁ። ሐኪሞቹ ውኃው ጨምሯል ብለው ቀዱልኝ። ልቤ አልከዳኝም፤ ለምን እንዳልከዳኝ አላውቅም።

አንቺን ልቆጣሽ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ከራሴ ሳልጀምር አንቺ ጋ መድረስ አልቻልኩም። አውፍ በይኝም አልልሽም፤ አውፍ ማለት የሚገባው ሰው ሄዷል፣ ያውም ይቅርታ የጠየቀው እሱ ሆኖ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

ወሬውን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ጉባኤያቸውን ጨርሰው ስሜን መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ለልቤ መድኃኒት ጨምረዋል፤ በቀዶ ጥገናው ዕለት የልብ ሐኪም አጠገቤ ይቆማል። ተስፋ አለ፣ ዋስትና ግን የለም አሉኝ። ከብረት ናት ያስተረጎመችልኝ። ስለሰፍዋን ነገርኳት። ሐኪሙ እስኪመለስ ድረስ እሷም እኔም መስኮቱን እያየን ተቀመጥን።

አርብ መስጊድ ሄጄ ነበር። ቱክዊላ ያለው ነው። ከስግደት በኋላ አብሮን መጋዘን ይሠራ የነበረ አንድ ያገራችን ሰው እጄን እንደጨበጠ፣ ከሳህ፣ ምን ሆነህ ነው? አለኝ። ስኳር ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ጉበቴ ነው» አልኩት። «ከእናቴ ሳይሆን አይቀርም ያገኘሁት፤ ወንድሜንም የገደለው እሱ ነው።» እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ ውስጥ አወጣ። ሌሎችም ሰምተዋል። ጫማዬን አጥልቄ እስክወጣ ድረስ ጀርባዬ ይነድ ነበር።

እሁድ ጠዋት ያው ሰውዬ ኮል አደረገልኝ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳያደርስ፣ ያ የደም ምርመራ ስሙ ማን ነበር? አለኝ። ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሦስት ወንድሞች አሉኝ አለኝ። ሰኞ ሊመረመር ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሲጠሩት፣ ተነስቶ ከመግባቱ በፊት ስልኩን አወጣና ወንድሞቹ ጋ ደወለ፤ እኔ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ እየሰማሁ፣ ውጤቱን ሳይጠብቅ።

ታናሽሽ፣
ኑርሑሴን